ኦሪጅናሉ ወይስ የቤቱ ቅጂ? ከጎደለው የዶንኪ ኮንግ ደረጃ የተነሳ ክርክር

#1 የካሴት_አቧራ

ሰላም የድሮ ጌም ወዳጆች። ዛሬ ኑዛዜ ይዤ መጥቻለሁ።

ዶንኪ ኮንግን አውቀዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ስፎክር ኖሬያለሁ። ልጅ ሆኜ በኔንቲዶ የቤት ኮንሶል፣ ኤንኢኤስ በሚባለው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምጨርሰው። በርሜሎቹ የሚንከባለሉበት አለ። አሳንሰሮቹ ያሉበት አለ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ የምትነቅልበት አለ። ሦስት ደረጃ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በቃ ጌሙ ይሄ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ሰሞኑን የ1981ዱን ዋናውን እጄ አስገባሁ። ሳንቲም የሚጎርሰው ትልቁ የአርኬድ ማሽን ላይ የነበረውን ማለቴ ነው፤ በ2018 ስዊች ለሚባለው ለኔንቲዶ አዲሱ ኮንሶል ወጥቷል። ስጫወት ስጫወት ድንገት የማላውቀው ስክሪን ተከፈተ። ወለሉ ራሱ ይሄዳል! የፋብሪካ ማጓጓዣ ይመስላል። ላዩ ላይ ትሪ የመሰለ ነገር ተጭኖ ይመጣል። መሰላሎቹ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ። አፌን ከፍቼ ሳይ ሞትኩ።

ለካ አራተኛ ደረጃ ነበረው። 50 ሜትር ይሉታል። ለቤት ሲሠራ ተቆርጦ ቀርቷል። መግቢያው ላይ ጎሪላው ሴትዮዋን ተሸክሞ መሰላል የሚወጣባት አጭር ትርዒትም አብራ ሄዳለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለእናንተ ኦሪጅናሉ የቱ ነው? ቀድሞ የወጣው ወይስ ያደጋችሁበት? እኔ ሥዕሉ ቢደበዝዝ ግድ የለኝም። ደረጃ ቆርጦ ዝም ማለት ግን አናዶኛል።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።)

#2 ፍሬም_ቆጣሪ

እንኳን ከእንቅልፍህ ነቃህ።

አንድ ነገር ላበላሽብህ ነው ግን። «ኦሪጅናሉ» ራሱ አንድ አይደለም። የጃፓኑ አርኬድ ከ25 ሜትር (በርሜሎቹ) ጀምሮ 50 (ያንተ ማጓጓዣ)፣ 75 (አሳንሰሮቹ)፣ 100 (ብሎኖቹ) እያለ በተራ ይወጣል። የአሜሪካው ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ላይ 25 እና 100 ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ዙር ላይ 75 ይጨመራል። 50 ሜትር የሚመጣው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ፊት ቆሞ የሚጫወተውም ሰው ቢሆን ጎበዝ ካልሆነ ያንተን ማጓጓዣ ሳያየው ሳንቲሙ ያልቃል።

ለምን ተቆረጠ ለሚለው፦ የኤንኢኤሱ ካሴት በጠቅላላ 24 ኪሎባይት ነው። 16ቱ ለፕሮግራሙ፣ 8ቱ ለሥዕሉ። ዛሬ በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ መቶ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ የአርኬዱ ስክሪን የቆመ ነው፤ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። የቤት ቲቪ የተኛ ነው። የቆመን ሥዕል በተኛ ሳጥን ውስጥ ስትከት የሆነ ነገር ይጨፈለቃል።

በ2010 የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጌም 25ኛ ዓመት ሲከበር አውሮፓ ውስጥ ከቀዩ ዊ ኮንሶል ጋር 50 ሜትር የተመለሰበት የኤንኢኤስ ቅጂ ተጭኖ ተሸጧል። ቦታ ሲገኝ ይገባል ማለት ነው።

#3 ዝም_ብዬ_አንባቢ

ስንት ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ የመጀመሪያ መልሴ ይሄ ሊሆን ነው። እኔም 50 ሜትርን አላውቀውም ነበር። አሁንም ቢሆን ለኔ ኦሪጅናል ማለት መጀመሪያ እጄ የነካው ነው። ፍረዱብኝ።

#4 ጋሼ_ትራክቦል

ልጆች፣ እናንተ የምታወሩት ዓይን ስለሚያየው ነገር ነው። እኔ ስለ እጅ ላውራችሁ።

ሚሳይል ኮማንድ፣ 1980። አርኬዱ ላይ ጆይስቲክ የለውም። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ አካሏ የተቀበረ ኳስ አለች። በመዳፍህ ትመታታለህ፤ ማነጣጠሪያዋ ከስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ ትበራለች። ኳሷ ክብደት አላት። ብትለቃት እንኳ ትንሽ ትሽከረከራለች። ሦስት የመተኮሻ ጣቢያ፣ ለየጣቢያው አንድ አንድ ቁልፍ። ግራ እጅህ ቁልፎቹ ላይ፣ ቀኝ እጅህ ኳሷ ላይ። ከላይ ሚሳይሉ ሲዘንብ ሁለቱ እጆችህ ለየብቻ ነው የሚያስቡት።

ከዚያ አታሪ 2600 ለሚባለው የቤት ኮንሶል መጣ። አንድ ጣቢያ። አንድ ቁልፍ። አንድ ዱላ። ዱላውን ወደ ቀኝ ትገፋለህ፤ ማነጣጠሪያዋ በራሷ ፍጥነት ትሄዳለች። ብትለምናትም ብትቆጣትም ያው ናት። ሥራው ለማሽኑ አቅም ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን ያ ሌላ ጌም ነው። መዳፌ አያውቀውም።

ለአርካኖይድ የኤንኢኤስ ቅጂ የሚዞር እጀታ ያለው መቆጣጠሪያ አብሮ መጥቶ ነበር። እነዚያ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል።

#5 ጆይስቲክ_ሰባሪው

ጋሼ ልክ ብለዋል። ግን ስለ መጥፎ ቅጂ እያወራን የ2600ውን ፓክማን ሳንጠራ ልናልፍ ነው እንዴ? 1982። የዓለም ሰው በጉጉት ሲጠብቅ የመጣው ነገር ይሄ ነው? መናፍስቱ ብልጭ ድርግም። ነጠብጣቦቹ ነጠብጣብ አይደሉም፣ ሰረዝ ናቸው። ድምፁን ተዉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

#6 ፒክስል_እመቤት

ሁሌ ይቺ ፓክማን ላይ ነው ዱላው የሚወርደው። ጠበቃዋ እኔ ልሁን።

2600 የተሠራው ሁለት ታንክ ለሚታኮስበትና ኳስ ለሚቀባበሉበት ዓይነት ጌም ነው። ማሽኑ በራሱ የሚያውቃቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች አምስት ናቸው፦ ሁለት ተጫዋች፣ ሁለት ጥይት፣ አንድ ኳስ። ጊዜያዊ ማስታወሻው 128 ባይት ነው። ኪሎባይት አላልኩም፣ ባይት። ካሴቱ 4 ኪሎባይት። ቶድ ፍራይ የሚባለው ፕሮግራመር በዚህ ውስጥ ፓክማኑን፣ አራት መናፍስትን፣ ማዙን፣ ማለትም መተላለፊያዎቹን፣ እና የተበሉትን ነጠብጣቦች ዝርዝር ማስገባት ነበረበት።

ምን አደረገ? መናፍስቱን በተራ ሣላቸው። በአንድ ፍሬም፣ ማለትም ቲቪው በሰከንድ 60 ጊዜ ከሚሥላቸው ሥዕሎች በአንዱ፣ አንዱ መንፈስ፣ በሚቀጥለው ሌላው። አራቱም ተራቸው ሲደርስ፣ እያንዳንዱ በሰከንድ 15 ጊዜ ይታያል ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ብዙ ሰው ይህን ጌም የሚፈርድበት በቪዲዮ አይቶ ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም ከተቀዳ ከየሁለቱ ፍሬም አንዱ ይጣላል። አስቡት፦ አንደኛና ሦስተኛው መንፈስ ይቀራሉ፣ ሁለተኛና አራተኛው ጭራሽ ይጠፋሉ። ከዚያ «ይሄ ጌም ሁለት መንፈስ ብቻ ነው ያለው» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ደግሞ የድሮው ባለ ቱቦ ቲቪ ብርሃኑን ትንሽ ስለሚያቆየው ብልጭታው ዛሬ ስስ ስክሪን ላይ እንደምናየው አይቆርጥም ነበር።

#7 ጆይስቲክ_ሰባሪው

> ካሴቱ 4 ኪሎባይት

እሺ ጠበቃ። ሚስ ፓክማንስ? ያው 2600 ላይ፣ ብዙም ሳይቆይ መጣች። ታምራለች። መናፍስቱም እንደ ሰው ይታያሉ። ማሽኑ አልተለወጠም።

#8 ፒክስል_እመቤት

ካሴቷ 8 ኪሎባይት ናት። እጥፍ። በተረፈ አልከራከርህም፣ ሚስ ፓክማን በጣም ትሻላለች።

#9 ፍሬም_ቆጣሪ

ጋሼ ስለ እጅ ሲያወሩ እኔን የበላኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜ።

ስፔስ ኢንቬደርስ፣ 1978። ጠላቶቹ ሲያልቁ እየፈጠኑ እንደሚሄዱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ዱብ… ዱብ… ዱብ፣ መጨረሻ ላይ ልብ እንደሚያስቆም ሩጫ። ብዙ ሰው ይህ ታስቦ የተጻፈ ሕግ ይመስለዋል። የመጣው ግን ከማሽኑ ድካም ነው።

ስክሪኑ ላይ 55 ጠላት አለ፤ 11 በ5። ማሽኑ በአንድ ፍሬም ማንቀሳቀስ የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም አለ። ስለዚህ 55ቱም አንድ አንድ እርምጃ እስኪሄዱ ሰከንድ ሊሞላ ይቀርባል። 30 ሲቀሩ ግማሽ ሰከንድ። አንድ ብቻ ሲቀር ያ ብቸኛ ጠላት በየፍሬሙ ተራው ነው፤ ያብዳል። ቀስ ብላችሁ ብታዩት ሰልፉ በአንድ ላይ አይራመድም። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ነው የሚላወሰው፤ ንፋስ እንደነካው ማሳ።

አሁን ይህን ጌም ፈጣን ማሽን ላይ ልትሠራው ነው እንበል። 55ቱንም በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ከቻልክ ደግሞ ጌሙ ሞተ። ድካሙን አስመስለህ በእጅህ መልሰህ መጻፍ አለብህ። በ1980 የመጣው የ2600 ቅጂ ጠላቶቹን ወደ 36 ቀንሷቸዋል፤ ማፋጠኑን ግን አልተወም። ስለዚህ በቁጥር ብትቆጥረው ጎዶሎ ነው፣ ስትጫወተው ግን ስፔስ ኢንቬደርስ ነው።

#10 የካሴት_አቧራ

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ የአርኬዱን ከፍቼ አፍጥጬ አየሁት። እውነትም አንድ በአንድ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ አብረው የሚራመዱ ይመስለኝ ነበር።

ግን ፍሬም፣ ይሄ የኔን ጥያቄ ይበልጥ አወሳሰበው። ያ ቅጂ 19 ጠላት ጎድሎት ይቅርታ ካገኘ የኔ ዶንኪ ኮንግ አንድ ደረጃ ጎድሎት ለምን አያገኝም?

#11 ፍሬም_ቆጣሪ

ያገኛል። ዝላዩን አስተውለኸዋል? የበርሜሉን አወራረድ? አርኬዱን ስትጀምር የመጀመሪያውን ስክሪን ወዲያው አለፍክ ወይስ እንደ አዲስ ተማርክ?

#12 የካሴት_አቧራ

…ወዲያው አለፍኩ።

#13 ሁለተኛው_ተጫዋች

እኔ ግን ይቅር የማልለው ነገር አለ፤ ስሜን እዩት።

ደብል ድራጎን፣ 1987። ስሙ ራሱ «ድርብ» ይላል። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ይደባደባሉ። የጌሙ ትርጉም ይሄው ነው። ኤንኢኤስ ላይ ሲመጣ ግን ሁለት ሰው አብሮ መጫወት አይችልም። ተራ በተራ! ወንድሜ እስኪሞት ቁጭ ብዬ መጠበቅ። እሱ ደግሞ አይሞትም።

ፋይናል ፋይት ደግሞ ይባስ። አርኬዱ ላይ ሦስት ሰው አለ፦ ኮዲ፣ ሃገር እና ጋይ። ሱፐር ኔንቲዶ ላይ ሲመጣ ጋይ የለም። ሁለት ተጫዋች የለም። አንድ ሙሉ ደረጃ የለም። አርኬዱ ላይ ጠላት እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣብህ፤ እዚህ ከሦስት አይበልጡም። ልመታው ስዘጋጅ «ሌሎቹስ የታሉ?» የሚያሰኝ ነው።

ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በ1992 ጋይ ያለበትን ሌላ ካሴት አወጡ፤ ኮዲን አስወጥተው! ስለዚህ ሁለት ካሴት ገዝተህም ሦስቱን በአንድ ጌም አታገኛቸውም። ሁለተኛ ተጫዋችም አሁንም የለም። ሦስቱም በአንድ ላይ፣ ለሁለት ሰው፣ በ1993 በሴጋ ሲዲ ነው የመጡት።

#14 ጆይስቲክ_ሰባሪው

ጋይ የሚባል ሰው እንዳለ ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አሁንም እንደ እንግዳ ነው የማየው።

#15 ዝም_ብዬ_አንባቢ

ሁሉም የቤት ቅጂ ከዋናው ያንሳል እየተባለ ነው መሰለኝ። ኮንትራ የሚባለው የተኩስ ጌምስ?

#16 ሁለተኛው_ተጫዋች

ኮንትራ! በስንት ጣዕሙ። የ1987ቱ አርኬድ በቆመ ስክሪን ነው፤ ወደ ጎን ለሚሮጥ ጌም ጠባብ ነው፣ ጥይቱ ከየት እንደመጣ ሳታይ ትሞታለህ። የ1988ቱ ኤንኢኤስ ሰፊ ነው፣ እጅ ላይ ይቀላል፣ ሁለት ሰው አብሮ ይጫወታል። ለፋሚኮም፣ ለኤንኢኤስ የጃፓን ወንድም፣ የወጣው ደግሞ በደረጃዎቹ መካከል ካርታ ያሳያል፣ ዘንባባዎቹም በንፋስ ይወዛወዛሉ።

ኮንትራ ከተነሳ፣ 30 ነፍስ የሚሰጠውን ኮድ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ከየት እንደተወለደ ግን ታውቃላችሁ? ከፖርት ሥራ ነው፤ ጌምን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ከማምጣት። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባለው የኮናሚ ኩባንያ ፕሮግራመር ግራዲየስ የሚባለውን ጌም ከአርኬድ ወደ ፋሚኮም ሲያመጣ፣ 1986 ላይ፣ ጌሙ ለራሱ ከበደው። መሞከር ስላለበት አቋራጭ አስገባ። ከዚያ ሳይወጣ ቀረ። እኛም ስናላግጥበት ኖርን።

#17 ፍሬም_ቆጣሪ

ሶልካሊበር የሚባለውን የድብድብ ጌምም ጨምሩ። አርኬዱ በ1998 የወጣው ሲስተም 12 በሚባል ቦርድ ነው፤ ያ ቦርድ መሠረቱ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነው። በ1999 ድሪምካስት በሚባለው የሴጋ የቤት ኮንሶል ላይ ሲመጣ ሰዎቹን እንደ አዲስ ሠሯቸው። ዋናው ነው ከቤቱ ጎን ሲቆም የሚያፍረው።

#18 ፒክስል_እመቤት

ስለ ፍጥነት ከተነሳ የ50 ኸርዙን በደል ሳልናገር አልተኛም።

የጃፓንና የአሜሪካ ቲቪ በሰከንድ 60 ጊዜ ይሥላል፣ የአውሮፓው 50 ጊዜ። ጌሙ የሚቆጥረው ፍሬም ከሆነና ማንም ካላስተካከለው፣ በ60ው አንድ ደቂቃ የሚፈጀው በ50ው 72 ሰከንድ ይፈጃል። የ1991ዱ ሶኒክ እንዲህ ነበር። ከላይና ከታች ጥቁር ሰንበር፣ መሃል ላይ የሚያዘግም ሶኒክ። ሙዚቃው ራሱ ተኝቶበታል። በዓለም ፈጣኑ ጃርት!

እኔ ያደግኩት በዚያ ማሽን ነው። ትክክለኛውን ፍጥነት መጀመሪያ ስሰማ ያበላሹት መሰለኝ። እስካሁን ድረስ ሙዚቃውን ሳንጎራጉር የማንጎራጉረው ቀርፋፋውን ነው።

#19 ዝም_ብዬ_አንባቢ

ይኸው! መጀመሪያ እጅ የነካው ነው ብዬ አልነበር?

#20 ፒክስል_እመቤት

ጆሮዬ ካንተ ጋር ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም።

በዚያው ስለ ሶኒክ፣ ፏፏቴውን አስታወሳችሁት? በዛሬ ጥርት ያለ ስክሪን ብታዩት ፏፏቴ ሳይሆን ቀጭን ቀጭን የቆመ መስመር ነው፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ባዶ። ስህተት ይመስላል። ሶኒክ የወጣበት የሴጋ ኮንሶል፣ ሜጋ ድራይቭ፣ በአንድ ገመድ ከቲቪ ጋር ሲገናኝ ግን ጎን ለጎን ያሉት ቀለሞች ይቀላቀላሉ። መስመሮቹ ይቀልጡና ከጀርባ ያለውን የሚያሳይ ውሃ ይሆናሉ። ሠዓሊው የሣለው ያንን ቲቪ አስቦ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፒክስል ሳይነካ በታማኝነት የገለበጠ አዲስ ቅጂ ውሃውን አድርቆታል።

#21 ጋሼ_ትራክቦል

የኔ ልጅ፣ ይሄን ቆንጆ አድርገሽ አስረዳሽው። ያንን ውሃ ስንት ጊዜ አይቼ «ድሮ ያምር ነበር፣ እኔ አርጅቼ ነው» ብዬ ነበር።

የአዲሶቹን «ማሳመር» ግን ተዉኝ። በ2021 የጂቲኤ ሦስቱን ጌሞች በአንድ አድርገው ያወጡትን ልጄ አሳየኝ። አንድ ዶናት ቤት አለ፣ ስሙ «ጠንካራ ዳዶ» እንደማለት ነው። ጣሪያው ላይ ትልቅ ዳዶ ተሰቅሏል፣ ብሎን የሚያስረው ባለ ስድስት ጎን ብረት። በድሮው ላይ ስድስቱም ጎን በግልጽ ይታያል። በአዲሱ ጥጉን ሁሉ አለስልሰውት ክብ ሆኗል። ጎማ! ቀልዱን የማያውቅ እጅ ነው የነካው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

#22 ጆይስቲክ_ሰባሪው

ጋሼ ዳዶ ጎማ ሆኖ ሲያዩ ፊትዎ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ።

#23 የካሴት_አቧራ

ክሩን ከፍቼ ጠፋሁ፣ ይቅርታ። 50 ሜትር ላይ ነበርኩ።

ሁኔታውን ልንገራችሁ። ጋሼ ያሉት እጅ ነገር ገባኝ። መጀመሪያ በአውራ ጣት በሚሽከረከረው ዱላ ነበር የምጫወተው። መሰላል ልወጣ ወደ ላይ ስገፋ ጣቴ ትንሽ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ማሪዮ፣ የምጫወትበት ሰውዬ፣ መሰላሉ ሥር ቆሞ ይደንሳል። ማሽኑ የነበረው ዱላ አራት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሰያፍ የሚባል ነገር የለውም። ወደ መስቀሉ ቁልፍ ስቀይር ወዲያው ተሻለ። ለካ ያ የኤንኢኤሱ መስቀል ከአርኬዱ ዱላ ጋር ከአሁኑ ውድ ጆይስቲክ ይልቅ ይቀራረባል።

ስለዚህ ስለ ቤቱ ቅጂ የተናገርኩትን ግማሹን አንስቻለሁ። ግማሹን ግን አላነሳም። ደረጃው መኖሩን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

#24 ሁለተኛው_ተጫዋች

አለፍከው?

#25 የካሴት_አቧራ

አላለፍኩም። ማጓጓዣው ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ እሮጣለሁ፣ በቦታዬ ነኝ። ድንገት አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ እኔ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ወደ ትሪው እወረወራለሁ። የሚገድለኝ ያ የኬክ ትሪ ነው።

#26 ፍሬም_ቆጣሪ

ኬክ አይደለም። ሁሉም «የኬክ ፋብሪካ» ይለዋል እንጂ ቦታው ግንባታ ነው፤ ትሪው ላይ ያለው ሲሚንቶ ነው።

#27 የካሴት_አቧራ

እንግዲያው 31 ጊዜ የገደለኝ ሲሚንቶ ነው። አሁን ደግሞ ሄድኩ።